የኢንተርንሺፕ ማኅተም ብቻውን አያስቀጥርም

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፦

ስለ ሥራ አጥ ምሩቃን በተነሣ ቁጥር ጣት የሚቀሰረው ወይ በመንግሥት ወይ በዩኒቨርሲቲዎች ላይ ነው። የድርሻቸውን ይውሰዱ። ይህ ደብዳቤ ግን በተማሪው እጅ ስላለውና በየዓመቱ በከንቱ ስለሚባክነው ስለ ኢንተርንሺፕ፣ ማለትም ከመመረቅ በፊት በመሥሪያ ቤት ስለሚደረገው የተግባር ልምምድ ነው።

ነገሩ የሚበላሸው ከመነሻው ነው። ተማሪው ከትምህርት ክፍሉ የትብብር ደብዳቤ የሚያወጣው ወደ ልምምድ መውጫው ሲደርስ ስለሆነ፣ የከተማው ተማሪ በሙሉ በአንድ ሳምንት ያንኑ ባንክና ያንኑ ኮንትራክተር ያንኳኳል። ቦታ ሲጠፋ ዘመድ ወደሚሠራበት ቢሮ ይኬዳል። እዚያ ፎቶ ኮፒ ማንሣት፣ ፋይል ማመላለስ፣ የቀረውን ሰዓት ስልክ መነካካት ነው። በመጨረሻ የግምገማ ቅጹ ከላይ እስከ ታች «በጣም ጥሩ» ተብሎ ይሞላል፤ ሪፖርቱም ካምናው ተማሪ ፍላሽ ይገለበጣል። ቀጣሪው «እዚያ ምን ሠራህ?» ብሎ ሲጠይቅ መልስ አለ፤ «እንዴት ሠራኸው?» ሲል ግን ዝምታ ነው።

ደብዳቤውን ቢያንስ ከሁለት ወር በፊት ማውጣት፣ በአምስት ስድስት ቅጂ ማባዛትና መግባት የሚፈልጉበትን የሥራ ክፍል ለይቶ መጠየቅ ይሻላል። «ልምምድ ፈልጌ ነው» ያለ ተማሪ ሰው በጎደለበት ይመደባል፤ «ግዥ ክፍል»፣ «ሳይት ላይ መጠን የሚለካው ክፍል» ያለው የጠየቀውን የማግኘት ዕድል አለው። ስመ ጥር መሥሪያ ቤት ብቻ ማሳደድም አያዋጣም። በትልቅ ባንክ አንዲት ቅጽ ስትሞላ ልትከርም ትችላለህ፤ አምስት ሠራተኛ ባለው የሒሳብ ቢሮ ግን ሰነዱ ከደረሰኝ ተነሥቶ እስከ ግብር ማስታወቂያ ሲሄድ ታያለህ።

ዋናው ነገር አንድ ሥራ ከጫፍ እስከ ጫፍ መያዝ ነው። የአካውንቲንግ ተማሪ የአንድ ወር ፔይሮል (የደመወዝ መክፈያ ዝርዝር) በኤክሴል ራሱ ይሥራ። የግል ድርጅት ሠራተኛ ለጡረታ የሚቆረጥበት 7 በመቶ ነው፤ 11 በመቶው የአሠሪው ነው። አዲስ ምሩቅ በተደጋጋሚ የሚስተው እዚህ ላይ ነው፦ ወይ 18ቱንም ከሠራተኛው ይቀንሳል፣ ወይ በመሠረታዊ ደመወዙ ፈንታ አበል በተጨመረበት ጠቅላላ ክፍያ ላይ ያሰላል። የሲቪል ምህንድስና ተማሪ ደግሞ የአንድ ወለል ኮንክሪትና ብረት ከፕላኑ ላይ አውጥቶ ቴክኦፍ ሺት (የሥራ መጠን ማስሊያ ሠንጠረዥ) ይሥራ፤ ከዚያ ሳይቱ ላይ ከገባው ጋር ያነጻጽር። ልዩነቱ ከየት እንደመጣ ማስረዳት የቻለ ተማሪ በቃለ መጠይቅ ብዙ አይቸገርም።

በየቀኑ ማታ ሦስት መስመር ማስታወሻ ይበቃል፦ ምን ተሠራ፣ በየትኛው ሰነድ ወይም ሶፍትዌር፣ ምን ተሳሳተ። ሪፖርቱም ሲቪውም የሚወጣው ከዚህ ነው። «ታታሪ፣ ተግባቢ፣ በቡድን መሥራት የሚችል» የሚል ሲቪ በመቶ የሚቆጠር ይመጣል፤ «የ40 ሠራተኛ ፔይሮል አዘጋጅቷል» የሚል ግን እምብዛም ነው። ስንብት ላይ የሚጠየቀው ደብዳቤም ከመቼ እስከ መቼ፣ በየትኛው ክፍል፣ ምን እንደተሠራ ይዘርዝር። ብዙዎች የሚስቱት ነገር ግን አለ፤ ይህ ወረቀት እንደ ሥራ ልምድ ዓመት አይቆጠርም። በመንግሥት መሥሪያ ቤቶች ልምድ በአብዛኛው የሚያዘው ከምርቃት በኋላ ያለው ነው፤ ከግል ድርጅት ሲሆን የሥራ ግብር የተከፈለበት ማስረጃም ይጠየቃል። የኢንተርንሺፕ ደብዳቤ የሚጠቅመው «0 ዓመት» ለሚሉ ማስታወቂያዎች ከእኩዮችህ ለመለየት ነው።

ውጤትን በተመለከተ ስሌቱን አስቀድሞ ማየት ይበጃል። በመጀመሪያዎቹ 30 ክሬዲቶች 2.4 ያመጣ ተማሪ 120 ክሬዲት ሲሞላ 3.0 እንዲደርስ በቀሩት 90 ክሬዲቶች በአማካይ 3.2 ማምጣት አለበት። ሁለት ዓመት ከዘገየና 60ው ክሬዲት በ2.4 ካለፈ ግን የሚፈለገው 3.6 ይሆናል። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ በሁሉም የመጀመሪያ ዲግሪ መርሐ ግብሮች የመውጫ ፈተና አለ፤ ማለፊያው 50 በመቶ ነው። የፈተናውን ብሉፕሪንት (ፈተናው ከምን ከምን እንደሚወጣ የሚያሳየውን ዝርዝር) ከሦስተኛ ዓመት ጀምሮ አጠገብ አስቀምጦ ማጥናት እንጂ በመጨረሻው ወር ሞጁል ማሳደድ አያዛልቅም።

ትንሽ የምትመስል ሆና ሰው የምታንከራትት ሌላም አለች፦ የስም አጻጻፍ። በ12ኛ ክፍል ማስረጃ፣ በፋይዳና በዩኒቨርሲቲው ሬጅስትራር ላይ ያለው የእንግሊዝኛ ፊደል አንድ ዓይነት መሆኑን ከመመረቅ በፊት ማረጋገጥ ያስፈልጋል። ቴምፖ (ጊዜያዊው የዲግሪ ማስረጃ) ከታተመ በኋላ ማስተካከል ደጅ መጥናት ነው።

ትምህርት ክፍሎችን የምንጠይቀው ብዙ አይደለም። የትብብር ደብዳቤው ሴሚስተሩ ሲጋመስ ይሰጥ። በግምገማ ቅጹ ላይ ካሉት ሳጥኖች ሁለቱ ወጥተው በምትካቸው «ተማሪው ራሱ ጀምሮ የጨረሰው ሥራ» የሚል ባዶ መስመር ይግባ፤ መስመሩ ባዶውን ከተመለሰ አማካሪ መምህሩ ማኅተሙን ከመቀበሉ በፊት ድርጅቱ ጋ ይደውል።

ከአክብሮት ጋር፣
የሰው ሀብት ቅጥር ባለሙያ፣ አዲስ አበባ