ለዘገየው ጥያቄሽ

ጎንደር፣ የካቲት 25 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለምወድሽ እህት ዓለም፤

ለጤናሽ እንደምን ከርመሻል? ልጆችሽስ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ።

ደብዳቤሽ ከደረሰኝ ሦስት ዓመት ሊሞላው ነው። ሳልመልስልሽ የቀረሁት ረስቼሽ አይደለም። በ2015 ዓ.ም. ጥር ላይ እናቴ አረፈች። መርዶው ደርሶሽ እንደሆነም አላውቅም። ከዚያ በኋላ ደብዳቤሽን ባነሳሁ ቁጥር ጥያቄሽ ለኀዘን ቤት የማይሆን እየመሰለኝ መልሼ አስቀምጠው ነበር። «በእኛ ጊዜ ከዘፈኑት የልጅ ልጆቻችን የማንን የሚያደምጡ ይመስልሻል?» ነበር ያልሽኝ።

እንደ ደንባችን ሙት ዓመቷ እስኪወጣ ድረስ ቤቴ ውስጥ ዘፈን አልተሰማም። ኀዘኑ ሲያበቃ ደግሞ በክልላችን ከሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ስለነበር ልጆቹ በስልካቸው የሚያደምጡት አጡ። ያኔ ነው የካሴት ሣጥኑን ከአልጋ ሥር የጎተትኩት። ፒያሳ ካሴት ቤቱ ደጃፍ ቆመን፣ ባለቤቱ እስኪያባርረን ድረስ ከድምፅ ማጉያው በነጻ የምናደምጠው ትዝ ይልሻል? ከዚያ ሳንቲም አጠራቅመን የገዛናቸው ሁሉ፣ የአንቺም የእኔም፣ አቧራ ለብሰው ቆይተውኛል። የማጫወቻውን ቀበቶ ጃንተከል አካባቢ ያለ ጠጋኝ ቀየረልኝ። የተዘረገፈውን ክር እኔው በእስክሪብቶ አጠነጠንኩት።

ብዙዎቹን አንድ ጊዜ ሰምቼ መለስኳቸው። እንደዚያ የሞትንላቸው ዘፈኖች! ኪቦርዱ ብቻ ነው የሚጮኸው፣ ዘፋኙ ከኋላ የሚከተል ይመስላል። ስማቸውን አልጠራም፤ አንቺም እኔም ወደናቸው ነበርና።

ጥላሁን ገሠሠን ግን ለብቻው አስቀመጥኩት። በ2001 ዓ.ም. በፋሲካ ዕለት አርፎ ዜናው ሲሰማ አባቴ የበዓሉን ወጥ አልቀምስም ብሎ እንደዋለ ነግሬሽ ነበር። ያን ጊዜ የአባቴ ነገር በዝቶብኝ ነበር፤ አሁን ገባኝ። ጥላሁን ቃል አይውጥም። እያንዳንዷ ፊደል ተለይታ ትሰማለች፤ ድምፁ ከፍ ሲልም ሲወርድም ግጥሙ አይጠፋም። አንድ ነገር ግን ልብ በይ፤ ጥላሁንን የምናስታውሰው በአልበም አይደለም። ገና በክብር ዘበኛ ኦርኬስትራ ሲዘፍን፣ በኋላም በሸክላ ዘመን፣ ዘፈን ብቻውን ነበር የሚወጣው፤ በአንድ ገጽ አንድ፣ በሌላው አንድ። ብቻውን የሚቆም ዘፈን ደግሞ ድክመቱን የሚሸፍንለት ጎረቤት የለውም።

አልበም ካልሽኝ የማህሙድ አህመድን «ኤሬ መላ መላ» እሰጥሻለሁ። በ1975 እ.ኤ.አ. ከአይቤክስ ባንድ ጋር የተሠራ ነው፤ በ1986 እ.ኤ.አ. ብራስልስ ላይ እንደገና ታትሞ አማርኛ የማያውቁ ሰዎች ሁሉ ወደዱት። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው አንድ ጉዞ ነው፤ ከመሃል አንዱን ዘልለሽ አታልፊም። በዚህ ጥር አዲስ አበባ ሚሊኒየም አዳራሽ ከመድረክ ሲሰናበት ዕድሜው ከሰማንያ አልፎ ነበር። ስሰማ ሆዴ ባባ።

እዚህ ላይ አምሀ እሸቴን ሳላነሳ ማለፍ ግፍ ይሆንብኛል። ሸክላ የማሳተም መብት ለሀገር ፍቅር ማኅበር ብቻ በተሰጠበት ዘመን፣ በ1969 እ.ኤ.አ.፣ ደፍሮ የራሱን ማሳተሚያ ከፈተ። በስድስት ዓመት ገደማ ከመቶ በላይ ሸክላ አወጣ። የእሱ ድፍረት ባይኖር ያ ሁሉ ድምፅ ከምሽት ክበቡ ጋር አብሮ ይዘጋ ነበር።

እኔ ዘፈን የምፈትንበትን መንገድ ያገኘሁት ግን ከካሴቱ ሣጥን አይደለም። ከጥምቀት ማግሥት የእህቴ ልጅ ስታገባ አንድ ሽማግሌ አዝማሪ መጥተው ነበር። መብራት ጠፋ፣ ባንዱ ዝም አለ፣ እሳቸው ማሲንቋቸውን ይዘው ድንኳኑ መሃል ቆሙ። ሰው የፈለገውን ይጠይቃቸው ጀመር። ጥላሁንን ሲሏቸው ተጫወቱት። አስቴር አወቀን ሲሏቸው ያገራቸው ልጅ ናትና ፊታቸው በራ፤ ሴቶቹ እልል እያሉ ተቀበሏቸው። ሙሉቀን መለሰን ሲሏቸው ሁሉም ጸጥ አለ። ሙሉቀን ዘፈን ትቶ ወደ መዝሙር ከገባ ስንት ዘመኑ፤ ባለፈው ዓመት ሚያዝያ አሜሪካ ውስጥ አርፏል። እሱ የተዋቸውን ዘፈኖች ግን ድንኳን ሙሉ ሰው ግጥማቸውን ሳይስት አብሮ አዜማቸው። ከዚያ ወጣቶቹ የዘንድሮ ዘፈን ጠየቁ። አዝማሪው ሞከሩ፣ ቅኝቱን ቀያየሩ፣ ያቺ አንዲት ጭራ የምትይዘው ዜማ አጣች። ወጣቶቹም ግጥሙን ከሁለት ስንኝ በላይ አያውቁትም ነበር።

በዚያ ሌሊት መልስሽን ያገኘሁ መሰለኝ፤ ማሲንቆ የሚሸከመው ይኖራል፣ የማይሸከመው ይቀራል። ጂጂ ይህን ፈተና ታልፋለች። ከትናንት ወዲያ የዓድዋ በዓል ሲከበር ዘፈኗ ሲሰማ ቆሜ አዳመጥኩ፤ ድምፅ ማጉያው ቢጠፋ እንኳ ዜማው በእረኛ አፍ የሚሄድ ነው። ልጄ የቴዲ አፍሮን «ጥቁር ሰው» ያስበልጣል፤ ስለዚህ ነገር ቡና ቀርቦ እስኪበርድ ተከራክረናል። ለቴዲም ቦታ አለኝ፤ ከ2004 ዓ.ም. ወዲህ ያደጉ ልጆች ስለ ምኒልክ ሲያወሩ የእሱን ዜማ ይዘው ነው። ግን ለእኔ የጂጂ ይበልጣል፣ አልደብቅሽም።

ይህን ሁሉ ካሰብኩ በኋላ ሕጌን የሚያፈርስ ነገር መጣ። ልጄ በስልኩ የእማሆይ ጽጌማርያም ገብሩን ፒያኖ አሰማኝ። ግጥም የለው፣ ማሲንቆ አይዘው፣ ሠርግ ቤት አይጠየቅ። በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ. የቅዱስ ያሬድን ዜማ ለመማር እዚህ ጎንደር ተቀምጠው ነበር፤ ታውቂ ነበር? እኔ አላውቅም ነበር። ወደ ቤተ ክርስቲያን ሲመላለሱ ማደሪያ አጥተው ደጀ ሰላም የሚተኙ የዜማ ተማሪዎች ያዩ ነበር። የሚሰጧቸው ገንዘብ ስላልነበራቸው ሙዚቃቸውን ለችግረኛ መርጃ ሊያደርጉት ወሰኑ። የመጀመሪያ ሸክላቸው በ1967 እ.ኤ.አ. ጀርመን ታተመ። በ2015 ዓ.ም. መጋቢት ኢየሩሳሌም ውስጥ በ99 ዓመታቸው አረፉ፤ እናቴ በሞተች በሁለት ወሯ።

አሁን ዐቢይ ጾም ስለገባ ካሴቶቹን ሸፍኛቸዋለሁ። የእማሆይን ብቻ ንጋት ላይ ቀስ አድርጌ እከፍታለሁ፤ ይህ ዘፈን አይባልም ብዬ ራሴን አሳምኜ። ትናንት እሱን እየሰማሁ ሳለ አንድ የቆሎ ተማሪ ከበሩ ላይ «በእንተ ስማ ለማርያም» አለ። ቁራሽ ይዤ ስወጣ ልጁ ዳቦውን ተቀብሎ አልሄደም፤ አንገቱን ወደ ቤቱ ዘንበል አድርጎ ቆመ። «ይህ ዕዝል ነው እንዴ?» አለኝ፤ ከቅዱስ ያሬድ የዜማ ስልቶች አንዱን ማለቱ ነው። የምመልስለት አጣሁ። ገብቼ ድምፁን ጨመርኩለት፤ እስኪያልቅ ድረስ ከአጥሩ ሥር ተቀምጦ ሰማው።

ኤፍሬም ታምሩን ሳላነሳ መጨረሴን አይተሽ እንደምትቆጪ አውቃለሁ። ካሴቱ ያለው አንቺ ጋ ነው፤ በ1981 ዓ.ም. ተውሰሽኝ አልመለስሽም። ሳልሰማው አልፈርድም። ከፋሲካ በፊት ከመጣሽ ይዘሽው ነይ፤ ካልሆነልሽም ለመንገደኛ ስጪልኝ።

እህትሽ