ደብዳቤ ለልጄ፦ ሹራብ ላይ የቀረ ፍርፋሪ

ሚጡዬ፣

ልብ ወለድሽን ጨረስኩት። ሦስት ሳምንት ፈጀብኝ፣ አትቀየሚኝ። የማነበው መኪና ውስጥ ነው፤ ከአንዱ የምንከባከበው ሽማግሌ ቤት ወጥቼ ወደ ሌላዋ አሮጊት ቤት ከመሄዴ በፊት ባለችው 10 ደቂቃ። ገዳዩ ሊጋለጥ ሲል ሰዓቴ ደረሰና ወረቀቱን ወንበሩ ላይ ጥዬ ሮጥኩ። ያን ቀን የአሮጊቷን ሻይ ሁለት ጊዜ ስኳር ጨመርኩበት።

“እማ፣ እውነቱን ንገሪኝ፣ ዝም ብለሽ አታሞግሺኝ” ብለሻል። ስልክ አትወጂም፤ ሰው መቼ ተናግሮ እንደሚጨርስ አይታወቅም ትያለሽ። ስለዚህ በደብዳቤ ይሁን። በአማርኛ የጻፍኩት እንግሊዝኛዬ ለእንዲህ ዓይነት ነገር ስለማይበቃኝ ነው። አንቺ እንደሆነ ፊደሉን በአንድ ሳምንት ነው የጨረስሽው። 33ቱን በሰባት አባዝተሽ “231” አልሽኝ፤ ከዚያ ቅርጻቸው ከመስመር ያፈነገጡትን በቀይ አክብበሽ “እነዚህን ማን አበላሻቸው?” ብለሽ ጠየቅሽኝ።

መጀመሪያ የወደድኩትን ልንገርሽ። ሰዓቱን። ሟቹ የቤተ ክርስቲያን ገንዘብ ያዥ የኦቭኑን ሰዓት በሕይወቱ ነክቶት አያውቅም። እዚህ እንግሊዝ በኦክቶበር ሰው ሁሉ ሰዓቱን አንድ ሰዓት ወደኋላ ሲመልስ እሱ ስለማይመልሰው ብርዱን ወራት ሙሉ አንድ ሰዓት ይቀድማል። ማርች መጨረሻ እሁድ አገሩ ሁሉ ሰዓቱን ወደፊት ሲገፋ ያ ኦቭን ማንም ሳይነካው ልክ መሆን ነበረበት። መርማሪሽ ሄቲ ጠዋት ወጥ ቤቱ ስትገባ ግን አሁንም አንድ ሰዓት ቀድሟል። አንድ ሥርዓት የሚወድ ሰው በዚያ ሌሊት ገብቶ ነክቶታል ማለት ነው። ፖሊሱ የሚያየው ስልኩን ነው፤ ስልክ ደግሞ ራሱን ያስተካክላል። ሁለቴ አነበብኩትና መኪና ውስጥ ብቻዬን “እሰይ!” አልኩ።

ከየት እንዳመጣሽውም ገብቶኛል። ከእኛ ኦቭን ነው። ሰባት ዓመትሽ ሳለ ሰዓቱ ተቀይሮ እኔ ሳላስተካክለው ስቀር ቁርስ አልበላም ብለሽ አለቀስሽ። ያኔ እኔ የምቸኩለው ለሥራ ነበር። ደግሞ አስቢው፤ እናትሽ “ሁለት ሰዓት ላይ” ስትልሽ ግድግዳው 8 ይላል፤ አያትሽ ጋ ስንደውል አንድ ጊዜ ሦስት ሰዓት፣ አንድ ጊዜ ሁለት ሰዓት ይቀድሙናል። እንኳን አንቺ፣ እኔም ተምታቶብኝ ነበር።

ኖክስ የሚባለው ቄስ በ1929 ስለ መርማሪ ታሪክ አሥር ትእዛዝ ጽፏል ብለሽ ያስረዳሽኝ ትዝ አለኝ። መርማሪው ያገኘውን ፍንጭ ከአንባቢው መደበቅ የለበትም። አንቺም አልደበቅሽም። ኦቭኑን ገጽ 12 ላይ ስለ ኬክ እያወራሽ አስቀመጥሽልን፣ እኔም እንደ ሞኝ አለፍኩት። ቾልሲ መንደር መቃብሯ ጋ የወሰድኩሽ የመርማሪ ታሪክ ጸሐፊ፣ አጋታ ክሪስቲ፣ ብታነብሽ ደስ ይላት ነበር መሰለኝ። ድንጋዩ ላይ የባሏ ስም ማሎዋንም እንዳለ አይተሽ “ታዲያ ትክክለኛ ስሟ የቱ ነው?” ብለሽ እስክንመለስ አላስቀመጥሽኝም።

አሁን ወደ ወቀሳው። “ቤቱ ተቆልፎ ነበር፣ ቁልፍ ያለው አንድ ሰው ብቻ ነው” ትያለሽ። ልጄ፣ የት ነው ያደግሽው? የ84 ዓመት ሰው ብቻውን የሚኖርበት የእንግሊዝ መንደር ቤት ከሆነ ከበሩ ጎን ቁጥር የሚገባላት ትንሽ የቁልፍ ሣጥን አለች። ያን ቁጥር እኔ አውቀዋለሁ። የማታዋ ኬረር፣ ተንከባካቢዋ፣ ታውቀዋለች። ባለፈው ዓመት ሥራ የለቀቀችውም ታውቀዋለች፣ ማንም አልቀየረውማ! ገብተን ስንወጣ ደግሞ ደብተር ላይ ሰዓት እንጽፋለን፤ ምን በላ፣ ኪኒኑን ዋጠ ወይ፣ ፊቱ እንዴት ነበር። ፖሊሱ ያን ደብተር ያላነበበው ለምንድን ነው? መንደርሽ ውስጥ ቄስ አለ፣ ጡረታ የወጣ ኮሎኔል አለ፣ ሐሜተኛ አለች። ኬረር የለችም። ቅር ብሎኛል፣ አልዋሽሽም።

መጨረሻ ላይ ሁሉንም አዳራሽ ሰብስበሽ ሄቲ ስትናገር አያትሽ ትዝ አሉኝ። እሳቸው ልጅ ሳሉ አገር ቤት በሬ ሲሰረቅ አውጫጭኝ ይጠራ ነበር፤ አፈርሳታ የሚሉትም አሉ። መንደሩ አንድ ላይ ይቀመጣል፣ የቀረ ይቀጣል፣ ሌባው እስኪታወቅ ማንም ወደ ቤቱ አይሄድም። ያየ ሰው በአደባባይ “እገሌ ነው” አይልም፤ “ወፍ ነገረኝ” ይላል። ሌባው ካልተገኘ መንደሩ አዋጥቶ ለባለቤቱ ይከፍላል። ጎረቤት ከጎረቤት ተጣልቶ የት ይደርሳል? የወፏ ነገር ለዚያ ነው የሚጠቅመው። ሄቲ ግን ወፍ የላትም። ተነሥታ የገዳዩን ዓይን ሳታይ፣ መስኮቱን እያየች፣ በስሙ ጠርታ ተናገረች። እዚያ ላይ እጄ ተንቀጠቀጠ።

ምክንያቱም ምዕራፍ 4 አለ። ከእኛ ቤት የወሰድሽው ፍርፋሪ።

ስምንት ዓመትሽ ነበር። ዓቢይ ጾም ነው፣ ቡና ላይ አምስት ሴቶች ተቀምጠናል። አንዷ ስለ ጾሟ ስታወራ፣ እንዴት ቀላል እንደሆነላት፣ አንቺ ከምንጣፉ ላይ ተነሣሽና “ሹራብሽ ላይ የቺዝ ፍርፋሪ አለ። ቢጫ ነው። ዳቦም አለበት” አልሻት። ሲኒ እንኳ አልተነሣም። እኔ እጅሽን ይዤ ወጥ ቤት አስገባሁሽ፣ አፍሽን ያዢ አልኩሽ። አንቺ “ውሸት ነው ያልኩት?” አልሽኝ። መልስ አልሰጠሁሽም።

ከዚያ በኋላ ቡና በተፈላ ቁጥር “አንቺ ክፍልሽ ውስጥ ተጫወቺ” የምልሽ እኔ ነኝ። ዓመታት። ሴትየዋ እንኳ ከወር በኋላ ተመልሳ መጣች።

መልሱ ይኸው፦ ውሸት አልነበረም። ቺዝ ነበር።

ያኔ ምንም አላውቅም ነበር። ኦቲስቲክ ነሽ የሚለው የሐኪም ወረቀት የመጣው 14 ዓመትሽ ላይ ነው። ካነር የሚባለው ሐኪም በ1943 ስለ ኦቲዝም ሲጽፍ ካነሣቸው 11 ልጆች ሴቶቹ ሦስት ብቻ እንደነበሩ አንቺ ነሽ የነገርሽኝ፤ ለብዙ ጊዜ ሰው ኦቲዝምን የሚፈልገው ወንድ ልጅ ውስጥ ነበር። ሎርና ዊንግ ሐኪምም ኦቲስቲክ ሴት ልጅ ያላት እናትም ነበረች፤ በ1962 ከሌሎች ወላጆች ጋር ማኅበር ሲያቋቁሙ ይህን ጭንቅ ታውቀዋለች ብዬ አስባለሁ። “ኦቲዝም ያለባት” ስል ያረምሽኝንም አልረሳሁም፤ “ዕዳ ነው እንዴ ያለብኝ?” አልሽኝ። ልክ ነሽ፣ አማርኛው ራሱ ያሳብቃል።

ስለዚህ የመጨረሻው ምዕራፍ አልዋጥልኝ አለ። መንደሩ ሄቲን ነፍሰ ገዳይ ስለያዘች አቀፋት። ሻይ ጋበዟት፣ ወንበር ለቀቁላት፣ ያቺ ሐሜተኛ እንኳ “እኔ ድሮም አውቃት ነበር” አለች። ባትይዝስ? ኦቭኑን አይታ ተሳስታ ቢሆንስ? ያን ወንበር ማን ይሰጣታል? እኔ አንባቢ ብቻ ብሆን ዝም እል ነበር፤ ታሪኩ ሞቅ ብሎ ነው ያለቀው፣ ሰውም እንዲህ ዓይነት መንደር የሚያነበው ለዚያ ነው። ግን ምንም ሳታገኝ የምትቀመጥበት አንድ ገጽ ጻፊላት። ኬክ ትብላ። ስለ ባቡር ሰዓት ለኮሎኔሉ ግማሽ ሰዓት ታውራለት፣ እሱም ይስማ። ወይም አይስማ፣ ግን ወንበሩ ይኑር።

የፊደል ስህተቶቹን በእርሳስ ምልክት አድርጌልሻለሁ፣ አራት ናቸው። ገጽ 88 ላይ ውሻው ስሙ ተቀይሯል።

ለፋሲካ ትመጪ የለ? ሴቶቹን ጠርቻለሁ፣ ያቺኛዋም አለች። አንቺ ከእኔ አጠገብ ነሽ። ጆሮሽ ከደከመ የጆሮ ማዳመጫሽን አድርጊ፣ ማንም ምንም አይልም፣ ካለም እኔ አለሁ። ኦቭኑን ከኦክቶበር ጀምሮ አልነካሁትም፤ አሁንም አንድ ሰዓት ይቀድማል። ስትመጪ ልክ ካልሆነ የነካው ሌላ ሰው እንደሆነ እወቂ።

እናትሽ