ሰማንያ ካሬ፦ የእጅ ሥራ ክበብ የዓመቱ ዘገባ

ጥቅምት ላይ ክበባት ሲከፈቱ በእጅ ሥራ ክበብ የተመዘገቡት 11 ልጆች ነበሩ። ዘጠኙ ሴቶች፣ ሁለቱ ወንዶች። ከወንዶቹ አንዱ የመጣው እግር ኳስ ክበብ ስለሞላበት ነው፣ ራሱ ነው የነገረኝ። ሰኔ ላይ ስንዘጋ 23 ሆነናል። ያ ልጅ አልሄደም። ካውያ የሚተኮስበት ሰዓት ሲደርስ ሁሉም የሚጠራው እሱን ነው።

ባለፉት ዓመታት ክበባችን ዳንቴልና ጥልፍ ነበር የሚሠራው። ሁለቱንም እወዳለሁ። ግን ጀማሪ ልጅ ኪሮሽ ይዞ ሁለት ወር ይታገልና አንድ የብርጭቆ ማስቀመጫ ሳይጨርስ ተስፋ ይቆርጣል፣ ከዚያ አርብ ሲደርስ አይመጣም። ዘንድሮ ሁላችንም አንድ ነገር እንሥራ አልኩ። መርፌ ይዞ የማያውቅ ልጅ እንኳን በመጀመሪያው ቀን "ይቺን እኔ ነኝ የሰፋኋት" ብሎ የሚያሳየው ነገር። ጨርቅ በእኩል ካሬ መቁረጥ፣ ካሬዎቹን መገጣጠም፣ ከሥር ገበር አድርጎ የሕፃናት ብርድ ልብስ ማውጣት። በእንግሊዝኛ ኩዊልት ይሉታል።

በአማርኛስ ምን እንበለው ብዬ ስጠይቅ ከኋላ ወንበር አንዷ "ድሪቶ!" አለች። ክፍሉ ሳቀ። እኛ ጋ ድሪቶ የሚወደድ ቃል አይደለም። የተጣጣፈ፣ ያለቀለት፣ ሰው ለብሶት ሲወጣ የሚሸማቀቅበት ልብስ ነው። እኔ ቃሉን ሰሌዳው ላይ ጻፍኩትና ስልኬን አውጥቼ ፎቶ አሳየኋቸው። አሜሪካ አላባማ ውስጥ ጂዝ ቤንድ የምትባል የገጠር መንደር አለች። የመንደሯ ጥቁር ሴቶች፣ አያት ቅድመ አያቶቻቸው በባርነት የኖሩ፣ ካለቀ የሥራ ሱሪና ሸሚዝ ልክ እንዲህ እየገጣጠሙ ልጆቻቸውን ከብርድ ሲያድኑበት ኖረዋል። ያ ሥራ እ.ኤ.አ. በ2002 ኒው ዮርክ ዊትኒ ሙዚየም ግድግዳ ላይ ተሰቀለ፣ በ2006 ደግሞ የአሜሪካ ፖስታ ቴምብር አደረገው። ፎቶው ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ክፍሉ ጸጥ አለ። አንድ ልጅ ስልኩን አስጠግቶ አየና "ቲቸር፣ ይሄ እኮ የጉልበቱ ቦታ ነው፣ ሱሪው ያለቀበት" አለኝ። እውነቱን ነው፣ የጉልበቱ ቦታ ደብዝዞ ይታያል። ከዚያ በኋላ ሥራችንን ድሪቶ ማለት ጀመርን፣ አሁንም የምንለው እንደዚያ ነው።

ጨርቅ ብዙም አልገዛንም። አሮጌ ገበያ አካባቢ ያሉ ልብስ ሰፊዎችን እየዞርን ጠየቅን፣ በሦስት ቀን አንድ ማዳበሪያ ሙሉ እራፊ ተሰበሰበ። ከቤት ደግሞ ያረጀ አንሶላ፣ የጠበበ ሸሚዝ፣ የታላላቆች ዩኒፎርም መጣ። ችግሩ ሁሉም ጥጥ አለመሆኑ ነው። ጥጥና ፖሊስተር ተቀላቅለው ሲሰፉ አንዱ ሲታጠብ ይሰበሰባል፣ ሌላው ጥጡን በሚተኩስ ካውያ ይኮማተራል። ለመለየት ቀላል መንገድ አለ። ከጨርቁ ጠርዝ ጥቂት ክር መዝዞ በወረንጦ ይዞ፣ ከሥር ውሃ ያለበት ሳህን አስቀምጦ፣ ክብሪት ማስነካት ነው። ጥጥ እንደ ወረቀት ይነዳል፣ ሽታውም የተቃጠለ ወረቀት ሽታ ነው፣ የሚቀረው በጣት ሲነካ የሚበን አመድ ነው። ፖሊስተር ይቀልጣል፣ ሲበርድ እንደ ጠጠር ይደርቃል። ይህን ውጭ ሜዳ ላይ የሠራሁት እኔ ብቻ ነኝ፣ ልጆቹ ራቅ ብለው ነው ያዩት፤ ቤት ውስጥም ትልቅ ሰው ሳይኖር አይሞከር። ከአንድ ሱቅ "ንጹህ ጥጥ" ተብሎ የገዛነው ሁለት ሜትር ሰማያዊ ጨርቅም ዓይናችን እያየ ቀለጠ። ለሌላ ሥራ አስቀመጥነው።

ቀጥሎ ማጠብ ነው፣ እዚህ ላይ አትስነፉ። ጥጥ መጀመሪያ ሲታጠብ ይሰበሰባል፣ ስለዚህ ሳይቆረጥ በፊት ይሰብሰብ። ደማቅ ቀለም ደግሞ ይለቃል። በተለይ ቀይ። እርጥብ ነጭ ጨርቅ ላይ ጥብቅ አድርጎ ማሸት በቂ ነው፣ ነጩ ከቀላ ያ ጨርቅ ከነጭ አጠገብ አይገባም።

አሁን ወደ መቁረጡ። የዓመቱ ትልቁ ትምህርታችን እዚህ ነው የነበረው፣ ስለዚህ በዝርዝር ልናገር።

ልኩን 17 ሴንቲ ሜትር አደረግነው። በየጎኑ 1 ሴንቲ ሜትር ለስፌት ይሄዳል፣ ሲሰፋ 15 ይቀራል። በወርድ 8፣ በቁመት 10 ካሬ፣ በድምሩ 80። ሲያልቅ 120 በ150 ሴንቲ ሜትር የሆነ ብርድ ልብስ ይወጣል። የ7ኛ ክፍል የሒሳብ መምህራችን ይሄንን ሰምተው ልጆቹን አሠሯቸው፦ ከቆረጥነው ጨርቅ ስንት እጁ ስፌት ውስጥ ይቀራል? ከአምስት እጅ አንዱ በላይ ነው። ልጆቹ አላመኑም፣ ደግመው አባዙት።

መለኪያውን ከካርቶን ነበር የቆረጥኩት። ልጆቹ 11፣ ካርቶኑ አንድ። ስለዚህ አንዱ ካርቶኑን ሲይዝ ሌላው ቀድሞ የተቆረጠውን ጨርቅ አስቀምጦ በዙሪያው በጠመኔ እያሰመረ ይቆርጥ ነበር፣ ቀጣዩ ደግሞ በዚያኛው ጨርቅ ላይ። እኔ አላየሁም፣ ማየት ነበረብኝ። ጠመኔው በዞረ ቁጥር መስመሩ ትንሽ ይወጣል፣ አንድ ሚሊ ሜትር ምንም አይደለም፣ አሥር ጊዜ ሲደጋገም ግን አንድ ሴንቲ ሜትር ነው። ታኅሣሥ ላይ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ረድፎች ሰፍተን ጎን ለጎን ስናስቀምጣቸው አንዱ ከሌላው በ8 ሴንቲ ሜትር ይረዝማል። ካሬዎቹን አንድ በአንድ ስለካ 17 የነበረው 18፣ አንዳንዱም 18 ተኩል ሆኗል። አንዲት ልጅ ስፌቱን በአንድ ቀን ነበር የጨረሰችው፣ ረድፉን እጇ ላይ ይዛ ዝም ብላ ቆመች። ሁሉንም ፈታን። ሁለት አርብ ሙሉ ክር መፍታት ብቻ ነበር ሥራችን፣ ማንም ግን አልቀረም፣ ይሄ ዛሬም ይገርመኛል።

ከዚያ በኋላ አንዱ ወላጅ አናጢ ስለሆኑ ከኮምፔንሳቶ አምስት ካሬ በ17 በ17 አስተካክለው ቆርጠው ላኩልን። ጠርዙ አያልቅም፣ አይታጠፍም። እናንተም ካርቶን ከተጠቀማችሁ ቶሎ ቶሎ ቀይሩት፣ ጨርቅን ግን በጨርቅ አትለኩ። የአስር ጊዜ ለካ አንዴ ቁረጥ ትርጉሙ የገባን ያኔ ነው።

ሌላም አለ። ጨርቅ ድርና ማግ አለው። ሁለት ጠርዞቹን ይዛችሁ በድሩ ወይም በማጉ አቅጣጫ ብትስቡት ብዙም አይለጠጥም። ከማዕዘን ወደ ማዕዘን ብትስቡት ግን እንደ ላስቲክ ይሳባል። በሰያፍ የተቆረጠ ካሬ ሲሰፋ የሚጣመመው በዚህ ነው። ልጆቹ ይሄን በእጃቸው ስበው ሲያዩት ገባቸው፣ እኔ ሦስት ጊዜ ባስረዳ አይገባቸውም ነበር። የካሬው ጠርዝ ክሩን ተከትሎ ይቆረጥ።

80ውን ካሬ ከመስፋት በፊት መሬት ላይ መደርደር ነበረብን። ደማቅ፣ ፈዛዛ፣ ደማቅ፣ ፈዛዛ። ለጀማሪ ከዚህ የሚቀል አደራደር የለም፣ ዓይንም አይደክምም። ክርክሩ ግን ሁለት ሰዓት ፈጀ። አበባ ያለበት ጨርቅ መሃል ይሁን ዳር? የዩኒፎርሙ ካሬዎች አንድ ላይ ይሁኑ ይበተኑ? ይበተኑ ያሉት አሸነፉ። ልክ ሲያልቅ ከሰዓት በኋላ ከሐይቁ በኩል የሚነሳው ነፋስ በተከፈተው በር ገባና ግማሹን ጠራርጎት ሄደ። ደግነቱ አንዷ ቀድማ በስልክ ፎቶ አንስታው ነበር። ከዚያ ወዲህ ሕግ አወጣን፦ ከደረደርክ ፎቶ አንሳ፣ በየረድፉ መጀመሪያ ላይ ቁጥር የተጻፈበት ወረቀት በስፒል አያይዝ።

ስፌቱ ራሱ ቀላል ነው። ሁለት ካሬ ፊት ለፊት፣ መልካቸው ወደ ውስጥ፣ በአንድ ጎን ቀጥ ያለ ስፌት። በእጅ ለሚሰፋ፦ ክር ከክንድ አይርዘም፣ ከረዘመ ይቋጠራል። በየአምስት ስፌቱ አንዴ ወደኋላ መለስ ብሎ መስፋት ክሩን ያጠብቀዋል። እዚህ ላይ የአንዲት ተማሪያችን እናት በጣም ረዱን። ሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ በ2008 ዓ.ም. ከተመረቀ ወዲህ ከተማችን ውስጥ በስፌት መስመር ላይ የሚሠራ ሰው ያላት ቤት ብዙ ናት፣ እሳቸውም እዚያ ነው የሚሠሩት። የዕረፍት ቀናቸውን ትተው አንድ ቅዳሜ መጡ። ክበቡ ባለው የስፌት መኪና ላይ ሁለት ካሬ አስገቡ፣ ሰፉ፣ ክሩን ሳይቆርጡ ወዲያው ቀጣዩን ጥንድ አስከተሉ፣ ከዚያ ሌላ፣ ከዚያ ሌላ። ከመኪናው ጀርባ በቀጭን ክር የተያያዙ ጥንድ ካሬዎች እንደተሰቀለ ልብስ ተንጠልጥለው ወረዱ። ከዚያ በመቀስ ቸክ ቸክ አድርገው ለያዩዋቸው። ክርም ጊዜም ይቆጥባል። ልጃቸው እናቷን እንዴት እንዳየቻት ብታዩ ደስ ይላችኋል።

ከየስፌቱ በኋላ መተኮስ አለ። ይሄን የሚዘለው ሰው ብዙ ነው፣ ውጤቱም ያስታውቃል። የአንደኛው ረድፍ ስፌት ትርፍ ወደ ቀኝ ታጥፎ ይተኮሳል፣ የሁለተኛው ወደ ግራ፣ የሦስተኛው ወደ ቀኝ። ለምን? ሁለት ረድፍ ሲገጠም የአንዱ እብጠት ከሌላው እብጠት ጎን ይቀመጣል፣ ይቆላለፋል። በአውራ ጣትና በሌባ ጣት መጋጠሚያውን ይዛችሁ ወዲያና ወዲህ ስታደርጉት በትክክል ሲገባ ጣታችሁ ያውቀዋል። መብራት በጠፋባቸው ቀናት የከሰል ካውያ ተጠቀምን፣ ያው የእግር ኳሱ ልጅ አያቱ ጋ ተኩሶ ያውቃል፤ አመዱን እፍ ብሎ፣ የካውያውን ሆድ በእርጥብ ጨርቅ ጠርጎ፣ አንድም ጥላሸት ሳያስነካ ነው የተኮሰው።

አሥሩ ረድፎች ተጋጥመው ሲያልቁ 63 የመሃል መጋጠሚያ ነበረን። ቆጠርናቸው። 51ዱ አራቱም ማዕዘን ልክ ገጥመዋል፣ የቀሩት ትንሽ ሸርተት ብለዋል። ሦስት ልጆች ሸርተት ያሉትን እንፍታ አሉ። አልፈቀድኩም። የመጀመሪያ ሥራ ነው፣ ከአንድ ሜትር ርቀት አይታይም፣ ብርድም አያስገባም።

ገበሩ አቡጀዲ ነው፣ መሃሉ ላይ ያረጀ ስስ ብርድ ልብስ አስገባን። ባዘቶ ማስገባትም ይቻላል፣ ግን በደንብ ካልተሰፋ ሲታጠብ ወደ አንድ ጥግ ይከማቻል፣ ለጀማሪ አልመክርም። ሦስቱን አንጥፈን ከመሃል ጀምረን ወደ ዳር በመርፌ ቁልፍ አያያዝን፤ ከዳር ከተጀመረ መሃሉ ላይ ጨርቁ ይሰበሰባል። ከዚያ በ63ቱ መጋጠሚያዎች ላይ ባለፈው ዓመት በተረፈ የዳንቴል ክር አንድ አንድ ድርብ ቋጠሮ አሰርን። ገበሩን ከላዩ በየጎኑ 5 ሴንቲ ሜትር አስበልጠን ቆርጠነው ስለነበር፣ ያንን ሁለት ጊዜ አጥፈን ወደ ፊት አምጥተን ቀመቀምነው። ቅምቀማው በእጅ ነው። ለዚህ 23ቱም ልጆች በየተራ ተቀመጡ፣ ስፌቱ የአንዱ ረጅም የአንዱ አጭር ነው፣ የማን እንደሆነ እስካሁን ይለዩታል።

ግንቦት ላይ ለኬጂ ክፍል ሰጠነው፣ ሕፃናቱ ከምሳ በኋላ ለሚተኙበት ክፍል። አንድ የአራት ዓመት ልጅ ከላዩ ተንበርክኮ ካሬዎቹን በጣቱ እየነካ ሲሄድ አንዱ ላይ ቆመና "ይሄ የእህቴ ነው" አለ። እህቱ ክበባችን ውስጥ ናት፣ ዩኒፎርሟ የጠበባት አምና ነው።

ሁለተኛው ድሪቶ ተጀምሯል። ስድስት ረድፍ አልቋል፣ ሰባተኛው ላይ አራት ካሬ ቀርቷል፣ መርፌው እንደተሰካ ቁም ሳጥን ውስጥ አስቀምጠነዋል። መቀሳችን አራት ብቻ ነው፣ ሁለቱ ደንዝዘዋል፤ ርዕሰ መምህሩ ለሚቀጥለው ዓመት ስድስት እንዲጨመር ተስማምተዋል፣ አመሰግናለሁ። ለወላጆች፦ ክረምት ላይ ቁም ሳጥን ስታስተካክሉ ያረጀ የጥጥ አንሶላና ሸሚዝ ካገኛችሁ አትጣሉ። አጥባችሁ በልጆቻችሁ እጅ ላኩልን። ቁልፉን ግን ፈትታችሁ አስቀሩት።