ለዘገየውም ለደበቀውም አንድ ዓይነት ቅጣት?

ይድረስ ለአዘጋጁ፣

የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ሲወጣ ደስ ካላቸው ተከራዮች አንዷ ነኝ። ውል በጽሑፍ ይሁን፣ ከ2 ዓመት አይነስ፣ ቅድመ ክፍያ ከ2 ወር አይብለጥ መባሉ ትልቅ እፎይታ ነው። በየስድስት ወሩ ዕቃ ጭኖ ቤት መቀየርን ያየ ያውቀዋል። ቅር የሚለኝ የቅጣቱ ነገር ነው፤ ምዝገባ የዘገየበትና ሆን ብሎ ኪራይ የደበቀ፣ አከራይና ተከራይም በአንድ ዓይን መታየት የለባቸውም።

ውሉን በ30 ቀን ውስጥ ማስመዝገብ የአከራይም የተከራይም ግዴታ ነው። ወረቀት ላይ ሁለቱ እኩል ናቸው። ቤት ፍለጋ ላይ ግን እኩል አይደሉም። የራሴን ልንገራችሁ። ቀደም ሲል የነበርኩበት ቤት ኪራዩ 12 ሺህ ብር ነበር። ውሉ ላይ የተጻፈው 7 ሺህ ነው። 5 ሺውን በየወሩ በእጅ እሰጥ ነበር። እምቢ ብል ደላላው ሌላ ሰው ይዞ በር ላይ ቆሟል። የልጄ ትምህርት ቤት ደግሞ እዚያው ሰፈር ነው። ፈረምኩ። ሕግ ጥሻለሁ፣ አልክድም። ግን ማን ተጠቀመ? በዓመት 60 ሺህ ብር ከግብር ተደብቆ የገባው አከራዬ ኪስ ነው።

ጎረቤቴ የሆኑ አንዲት ጡረተኛ እናት አሉ። ግቢያቸው ውስጥ ያለችውን አንዲት ሰርቪስ አከራይተው በእሷ ይተዳደራሉ። የምዝገባው ቀን ያለፈባቸው ወረዳ የሚወስዳቸው ሰው አጥተው ነው። ለእሳቸው ማስጠንቀቂያና ጥቂት ተጨማሪ ቀን ይበቃል። አምስት ስድስት አፓርታማ ይዞ ለእያንዳንዱ ሁለት ሁለት ውል የሚያዘጋጅ ሰውስ? ቅጣቱ ከደበቀው ገንዘብ ካነሰ ምን ያስፈራዋል? ከፍሎ ይቀጥላል።

ተከራይ ራሱ መጥቶ እውነቱን ከተናገረ እንደማይቀጣ፣ ከቤቱም እንደማይባረር በግልጽ ይጻፍለት። አብሮ የሚቀጣ ከሆነ ማን ይጠቁማል? ያላግባብ የተወሰደ ገንዘብም ለከፈለው ሰው ይመለስ። ቅጣቱ መንግሥት ካዝና ገብቶ እኔ ባዶ እጄን ብቀር ምን ተካስኩ?

ያኔ እንዲህ ያለ ዋስትና ቢኖረኝ ወረዳ ሄጄ 12 ሺህ ነው ብዬ አስመዘግብ ነበር።

ተከራይ፣ ከአዲስ አበባ