ላይሰንሳችሁ የሚያበቃበትን ቀን ዛሬውኑ እዩት

አሜሪካ ያላችሁ ውድ የመተንፈሻ ሕክምና (ሬስፒራቶሪ ቴራፒ) የሙያ ጓደኞቼ፣ ጤና ይስጥልኝ።

ባለፈው ሳምንት አንዲት እህታችን ደወለችልኝ። ማታ ሥራ ልትገባ፣ ስቴቶስኮፗን አንገቷ ላይ አድርጋ ሳለ ነው ላይሰንሷ ከሦስት ቀን በፊት ማብቃቱን የነገሯት። ማሳሰቢያው የሄደው ወደ ድሮ አፓርታማዋ ነበር። በጣም አዘንኩ። ጊዜው ባለፈ ላይሰንስ ታካሚ ማየትም ሆነ ቬንቲሌተር (የመተንፈሻ ማሽን) መንካት አይቻልም። እባካችሁ ቤት ስትቀይሩ ላይሰንሱን ለሚሰጠው የስቴታችሁ ቦርድ አሳውቁ።

ብዙዎቻችን ግራ የምንጋባበት ነገር አለ። የሙያችንን ፈተና ከሚሰጠው አገር አቀፍ ድርጅት ከኤንቢአርሲ ያገኘነው አርአርቲ የሚባለው የሙያ ማዕረግ ሌላ፣ የስቴቱ ላይሰንስ ሌላ ነው። ፈተናውን ማለፍ ብቻውን አያሠራም። አንዱን ማደስም ሌላውን አያድስም። የየስቴቱ ደንብም ይለያያል፦ ካሊፎርኒያ በየሁለት ዓመቱ 30 ሰዓት ተከታታይ ትምህርት ይጠይቃል፣ ቴክሳስ ደግሞ 24። ሰዓቱን ለመጨረሻው ሳምንት አታቆዩት። ሰርተፊኬቶቹንም አትጣሉ፤ ቦርዱ ኦዲት ሲያደርግ የሚያየው እነሱን ነው።

አዲስ አመልካቾች፣ ስማችሁን አደራ! የእኛ ስም በእንግሊዝኛ ፊደል ሲጻፍ መልኩ ብዙ ነው። «ጸሐይ» ዲፕሎማው ላይ በ«ቲኤስ»፣ መታወቂያው ላይ በ«ኤስ» ብቻ ይጀምራል። የአያት ስምም አንዱ ወረቀት ላይ ይገባል፣ ሌላው ላይ ይቀራል። እንዲህ ያለው ልዩነት ማመልከቻችሁን ሊያዘገየው ይችላል። ከመላካችሁ በፊት ወረቀቶቹን ጎን ለጎን ዘርግታችሁ ፊደል በፊደል አስተያዩ።

ፎርሙ ያስቸገረው ካለ ቅዳሜ ከሰዓት ይደውልልኝ፣ አብረን እንሞላዋለን።