አባባ፣ ጉድጓዱን አይድፈኑት

አዲስ አበባ፣ ሚያዝያ 18

ለውድ አባቴ፣

ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? ቁርጥማቱስ ተሻለዎት? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ልጆቹም ጉልበትዎን ይስማሉ።

በስልክ ላወራዎት ብዬ ኔትወርኩ እምቢ አለኝ። ለነገሩ ሒሳብ ስላለበት በጽሑፍ ይሻላል። የእህቴ ልጅ ታነብልዎታለች። አንቺም ቁጥሮቹን እየዘለልሽ እንዳታነቢ!

ነገሩ የጓሮው የውሃ ማቆሪያ ጉድጓድ ነው። ሊደፍኑት አፈር እያስከመሩ እንደሆነ ሰማሁ። እባክዎ ትንሽ ይታገሱኝ።

ምክንያትዎ ይገባኛል። በ1995ቱ ድርቅ ጊዜና ከዚያም በኋላ «ውሃ ማቆር» ተብሎ አገሩ ሁሉ ዶማና አካፋ ይዞ ነበር። አንዳንዱ ላስቲክ አነጠፈ፣ አንዳንዱ በሲሚንቶ አስለሰነ። የእኛ የሲሚንቶው ነው፤ ሆዱ ሰፊ፣ አፉ ጠባብ፣ ልክ እንደ እንስራ። ከዚያማ ደለል ገባበት፣ ተሰነጠቀ፣ ክረምት የሞላው ውሃ በኅዳር ሰርጎ አለቀ። የጎረቤት በግም ገባበት፣ ጭቅጭቁ ትዝ ይለኛል። በሌላም ቦታ ስንቱ እንዲህ የቆሻሻ መጣያ ሆኖ ቀረ። እርስዎ ቢሰለቹት አልፈርድም።

ግን ከዚያ ወዲህ ቤታችን ተለውጧል። ያኔ ሳር ክዳን ነበር። ስለዚህ ወደ ጉድጓዱ የሚገባው ከዳገቱ የሚወርደው ጎርፍ ነበር። ጎርፍ ደግሞ ውሃ ብቻ ይዞ አይመጣም፤ አፈሩንም ፋንድያውንም ጠርጎ ነው የሚገባው። ዛሬ ቆርቆሮ አለን። ንጹሕ ውሃ ከጣራ ማውረድ ይቻላል።

ሒሳቡ ይኸውልዎት። አንድ ካሬ ሜትር ጣራ ላይ አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ ሲወርድ አንድ ሊትር ውሃ ይሆናል። በደብረ ብርሃን አካባቢ በዓመት 900 ሚሊ ሜትር ገደማ ይዘንባል፤ አብዛኛው በሐምሌና በነሐሴ ነው። የእኛ ጣራ 50 ካሬ ሜትር አያጣም። ሲባዛ 45,000 ሊትር ይመጣል። የሚረጨውንና የሚባክነውን አንድ አምስተኛ እንቀንስለት። 36,000 ሊትር ይቀራል። በባለ 20 ሊትር ጀሪካን 1,800 ጀሪካን ነው! እማዬ ከምንጭ በጀርባዋ ያመላለሰችውን ያስቡት። አሁን ያ ሁሉ ውሃ የግድግዳውን ሥር እየቦረቦረ ወደ ወንዝ ይሄዳል።

ለጓሮ አትክልት በእኛ ብርድ አገር በቀን ለአንድ ካሬ ሜትር 4 ሊትር ይበቃል እንበል። 60 ካሬ ሜትር መደብ በቀን 240 ሊትር ይፈልጋል። ስለዚህ ውሃው 150 ቀን ያስኬዳል፤ ከጥቅምት መግቢያ እስከ የካቲት መጨረሻ ማለት ነው። በልግ ከመጣ እሰየው። ካልመጣም ጎመኑ አይጠብቀውም።

ድንቹን ግን ለዚያ ወቅት አልመክርም። የኅዳር ውርጭ በአንድ ሌሊት እንደሚያጠቁረው ከእኔ በላይ ያውቃሉ። ጎመን፣ ነጭ ሽንኩርትና ካሮት ብርዱን ይችሉታል። ሰማዩ ጠርቶ ውርጭ የጠረጠሩ ቀን ከሰዓት በኋላ መሬቱን ያጠጡት። እርጥብ አፈር የቀኑን ሙቀት ይዞ ያድራል።

አሁን ወደ ጥገናው። ከሁሉ በፊት እርስዎ አይወርዱም! ይሄን አልደራደርም። ተዘግቶ የኖረ ጉድጓድ አየሩ የታፈነ ነው፤ የበሰበሰ ነገር ካለበትማ ሰው ይጥላል። ክዳኑ ተከፍቶ በደንብ ይናፈስ። የሚወርደው ጎረምሳ ወገቡን በገመድ ይታሰር፣ ከላይ ሁለት ሰው ገመዱን ይያዝ። አዞረኝ ካለ ጎትተው ያውጡት እንጂ ማንም ተከትሎት እንዳይገባ። ብዙ ሰው የሚሞተው ሊያድን ሲገባ ነው።

የሚወጣውን ደለል አይጣሉት፣ መደቡ ላይ ይበተን።

ስንጥቁን ላዩን ሲሚንቶ መቀባት ገንዘብ ማባከን ነው። ግንበኛው በመሮ አስፍቶ ይክፈተው፣ አቧራውን ይጠበው፣ ከዚያ በአንድ እጅ ሲሚንቶና በሦስት እጅ የታጠበ አሸዋ ይሙላው። ቀጥሎ ዙሪያውን በሙሉ ይለስን። ሲጨርስ እርጥብ ጆንያ አልብሶ ለሰባት ቀን ውሃ ያጠጣው። ያኔ ልስኑ ቶሎ መድረቁ ሳይጎዳው አልቀረም። መረሬው መሬትም አለበት፤ ክረምት ያብጣል፣ በጋ ይሰነጠቃል፣ ግድግዳውን ይዞት ይሄዳል። ለዚህ ነው ጉድጓዱ ጨርሶ ባዶ እንዳይሆን የምለው። ከሥሩ ጥቂት ውሃ ሁልጊዜ ይቅርበት።

እና ባሕር ዛፎቹ። ይሄን ሲሰሙ እንደሚቆጡ አውቃለሁ። ጉድጓዱን ተደግፈው የበቀሉት ብቻ ይቆረጡ። ሥራቸው ስንጥቅ ፈልጎ ይገባና ውሃውን ይጠጣል። ጉቶው እንዳያቆጠቁጥም መከታተል ነው። እንጨቱን ይሽጡት፣ የአሸንዳው ዋጋ በከፊል ይወጣለታል። ሌላውን ባሕር ዛፍ ማንም አይነካብዎትም።

አሸንዳው በጣራው ጠርዝ ዞሮ በቱቦ ወደ ጉድጓዱ ይገባል። አፉ ላይ ወንፊት ይደረግበታል። የመጀመሪያው ዝናብ ሲመጣ ቱቦውን ወደ ሜዳ ያዙሩት፤ በጋውን ሙሉ የተጠራቀመ አቧራና የወፍ ኩስ ነው የሚወርደው። ትርፉ የሚወጣበትም ቀዳዳ ያስፈልጋል፣ ከቤቱ መሠረት ራቅ ብሎ። ውሃው ለጓሮ ብቻ ነው። ለመጠጥ የቦኖውን ይቀጥሉ።

ክዳኑ የብረት ይሁን፣ ቁልፍም ይኑረው። ልጅም በግም እንዳይገባ ነው። እኛ ደጋ ስለሆንን የወባ ነገር ብዙም አያሰጋንም። ሸዋ ሮቢት ያለችው አክስቴ ግን እንዲህ ያለ ነገር ላሠራ ካለች ቢምቢ እንዳይራባበት አጥብቃ ትክደነው።

በባልዲ መጎተት ወገብ ይሰብራል። በገመድ የሚሠራ የእጅ ፓምፕ አለ፤ እጀታውን ሲያዞሩት ውሃው ይወጣል፣ ሲበላሽም የሰፈር ብረት ሠሪ ይጠግነዋል። እሱን እኔ እፈልጋለሁ። ሲሚንቶውንም አሸንዳውንም እኔ እገዛለሁ። ክዳኑን ወንድሜ ያሠራል፤ ቃል ገብቷል፣ ይያዙት።

ግንበኛው እስከ ግንቦት አጋማሽ ከጨረሰ ሰኔ ሳይገባ እንደርሳለን። አሁን የምፈልገው የጣራውን ልክ ነው። ልጅቷ በሜትር ትለካ። የቆርቆሮውን ቁልቁለት ሳይሆን ከታች የሚሸፍነውን መሬት ርዝመትና ስፋት ትጻፍልኝ። የአሸንዳውን ጠርዝ ለብቻው ትለካ። ልኩ እንደደረሰኝ እዚሁ አስቆርጬ በአይሱዙ እልከዋለሁ። ያስከመሩት አፈርም ለመደብ ይሆናል፣ እንዳለ ይቆይ።

ልጅዎ