ራጅ ላይ የነጣ አጥንት ጠንካራ አይደለም

ለተከበሩ አዘጋጅ፣

ስለ ፕሮስቴት ካንሰር የምታወጧቸው ጽሑፎች የሽንት መቸገርንና የፒኤስኤ (ከፕሮስቴት የሚመነጭ፣ በደም ውስጥ የሚለካ ፕሮቲን) ምርመራን በሚገባ ያስረዳሉ። አጥንትን ግን እንደዋዛ ያልፉታል። ሕመምተኛውን አልጋ ላይ የሚያውለው ደግሞ ብዙ ጊዜ እሱ ነው።

ይህ ካንሰር ሲሰራጭ ከሁሉ በላይ የሚያዘወትረው አከርካሪን፣ ዳሌንና ጎድንን ነው። መቅኒ ውስጥ ደም የሚፈጥሩ ሕዋሳት የሚያድሩበት ስፍራ አለ፤ የካንሰሩ ሕዋሳትም እነዚያን የሚጠራውን ኬሚካል ተከትለው ይገቡና ማደሪያውን ይሻማሉ። ለዓመታት ሳይባዙ ሊያደፍጡም ይችላሉ። ሲነቁ አጥንት ገንቢዎቹን ሕዋሳት ይቀሰቅሳሉ፤ ገንቢዎቹ አፍራሾቹን ይጠራሉ። አጥንቱ ሲፈርስ በውስጡ ታምቀው የነበሩ የዕድገት ንጥረ ነገሮች ይለቀቁና ካንሰሩን ይመግባሉ። እንግሊዛዊው ሐኪም ስቴፈን ፔጀት በ1889 እ.ኤ.አ. ስለ ጡት ካንሰር ሲጽፍ ካንሰሩን በዘር፣ የሚያርፍበትን አካል በመሬት የመሰለው እዚህም ይሠራል።

አዲሱ አጥንት ራጅ ላይ ነጭ ሆኖ ይታያል፤ ነገር ግን ያለ ሥርዓት የተቆለለ ስለሆነ ይሰበራል። ካንሰሩን ለመግታት የሚሰጠው የወንዴ ሆርሞን መቀነሻ ሕክምናም በበኩሉ ጤነኛውን አጥንት ያሳሳል። እኛ አገር የአከርካሪ ቲቢም ስላለ ሁለቱ ይምታታሉ። ቲቢ በአጥንቶቹ መካከል ያለውን ዲስክ አብሮ ይበላል፤ ካንሰር ግን አብዛኛውን ጊዜ ዲስኩን ይተዋል።

የሆርሞን መቀነሱ አልበቃ ሲል ለአጥንቱ አፍራሾቹን ሕዋሳት የሚገታው ዞሌድሮኒክ አሲድ 4 ሚሊ ግራም በደም ሥር ይሰጣል፤ ከ15 ደቂቃ ባነሰ ጊዜ መንቆርቆር የለበትም፣ ኩላሊት ይጎዳል። በየዙሩ አስቀድሞ የኩላሊትን አቅም የሚያሳየው ክሬያቲኒን በደም ይለካ፤ ኩላሊቱ ከደከመ መጠኑ ይቀነስ። ሌላው አማራጭ ዴኖሱማብ ነው፤ 120 ሚሊ ግራም በየ4 ሳምንቱ ከቆዳ ሥር ይወጋል። ሁለቱም የደም ካልሲየምን ስለሚያወርዱ ካልሲየምና ቫይታሚን ዲ አብረው ይታዘዛሉ። መነቀል ያለበት ጥርስ መድኃኒቱ ከመጀመሩ በፊት ይነቀል፤ በኋላ ከሆነ ቁስሉ ላይድን፣ የመንጋጋው አጥንትም ሊሞት ይችላል።

ቤተሰብን አጥብቀን የምንለምነው አንድ ነገር አለ። ይህ ካንሰር ያለባቸውን አባት ጀርባቸውን ሲያማቸው ወጌሻ ዘንድ አትውሰዷቸው፤ የሳሳ አከርካሪ በእሽታ ይሰበራል። ሌሊት ሲተኙ የሚብስ ሕመም፣ የእግር መድከም ወይም መደንዘዝ፣ የሽንት መቋጠር ካለ ኅብለ ሰረሰር እየተጫነ ሊሆን ይችላልና በዚያው ቀን ሆስፒታል ይድረሱ። እየተራመዱ የደረሱ ብዙዎቹ እየተራመዱ ይቀጥላሉ፤ እግር ከከዳ በኋላ ግን የሚመለሰው ለጥቂቶች ነው።

በካንሰር ሕክምና የምንሠራ ሐኪሞች